የፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ግድያና የገዳዩ ምክንያት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥልጣን ላይ እያሉ ከተገደሉት አራት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል ሊንከንንና ኬኔዲን የማያውቅ የለም። በ1881 የተገደሉት ጄምስ ጋርፊልድ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋሉ፦ «ሹመት የተከለከለ ሰው ተኩሶ ገደላቸው»። መስመሩ ውሸት ባይሆንም ሁለት ነገር ያድበሰብሳል። ገዳዩ ቂሙን ሊወጣ የተነሣ ተራ ሹመት ፈላጊ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንቱም የሞቱት በተተኮሰባቸው ዕለት ሳይሆን ከ79 ቀን በኋላ፣ በሐኪሞች እጅ ሆነው ነው። ከዚህ በታች ቀኖቹ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥቃቱ የትና እንዴት ተፈጸመ?

ቅዳሜ ጁላይ 2 ቀን 1881 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዋሽንግተን በነበረው የባልቲሞርና ፖቶማክ ባቡር ጣቢያ ውስጥ። ጋርፊልድ ሥልጣን ከያዙ አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ከወባ እያገገሙ የነበሩትን ባለቤታቸውን ሉክሪሺያን ኒው ጀርሲ አግኝተው፣ ከዚያ ወደተማሩበት ዊሊያምስ ኮሌጅ ሊያልፉ ነበር። ሁለት ልጆቻቸው አብረዋቸው ተነሥተዋል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ ብሌን ደግሞ ሊሸኟቸው ከጎናቸው ይራመዳሉ። ገዳዩ ቻርልስ ጊቶ በሴቶች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ከኋላቸው ቀርቦ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

የመጀመሪያው ጥይት ክንዳቸውን ጨርፎ አለፈ። ሁለተኛው በጀርባቸው ከአከርካሪው በስተቀኝ ገባ፤ የጎድን አጥንት ሰብሮ፣ የወገብን የመጀመሪያ አከርካሪ በስቶ፣ ሕብለ ሰረሰሩን ሳይነካ በግራ በኩል ቆሽት አጠገብ ቆመ። የጥይቱ መንገድ በትክክል የታወቀው ግን አስከሬኑ ሲመረመር ነው። በሕይወት ሳሉ ሐኪሞቹ ሲፈልጉት የከረሙት በቀኝ በኩል፣ ጉበት አካባቢ ነበር።

ጊቶ የመሸሽ ሐሳብ አልነበረውም። የተቆጣ ሕዝብ እንዳይዘለዝለው ፈርቶ፣ ወደ ወህኒ ቤቱ አቅጣጫ የሚወስደው ጋሪ አስቀድሞ ተነጋግሮ ውጭ አቁሞ ነበር። ጋሪው ላይ ሳይደርስ ፖሊስ ያዘው። ፖሊሱ ከመደንገጡ የተነሣ ሽጉጡን የተቀበለው ጣቢያ ካደረሰው በኋላ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ጠባቂ አልነበራቸውም?

አንድም። ሊንከን ከተገደሉ 16 ዓመት ቢያልፍም፣ ያ የእርስ በርስ ጦርነት ያመጣው መዓት ነው እንጂ በሰላም ጊዜ አይደገምም የሚል እምነት ነበር። በ1865 የተቋቋመው ሲክሬት ሰርቪስ ሥራው ሐሰተኛ ገንዘብ አታሚዎችን ማሳደድ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱን በቋሚነት መጠበቅ የጀመረው ከፕሬዚዳንት መኪንሊ ግድያ በኋላ በ1902 ነው። ጋርፊልድ ራሳቸው ከመብረቅ መጠንቀቅ እንደማይቻል ሁሉ ከነፍሰ ገዳይም መጠንቀቅ አይቻልም የሚል ሐሳብ ጽፈዋል። ጉዟቸው ደግሞ በጋዜጣ ይወጣ ስለነበር ጊቶ ቀኑን ያወቀው እንደማንኛውም አንባቢ ነው።

ቻርልስ ጊቶ ማን ነበር?

በ1841 ፍሪፖርት፣ ኢሊኖይ ተወለደ። በ1860 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ወደነበረው ኦናይዳ የተባለ የሃይማኖት ማኅበር ገባ፤ ንብረትና ትዳር የጋራ የሆኑበት ማኅበር ነው። እዚያም የሚወደው አላገኘም። ወጥቶ ቺካጎ ውስጥ ጠበቃ ሆነ፤ ሥራው ባብዛኛው ዕዳ ማስከፈል ነበር፣ ያስከፈለውንም ገንዘብ ለባለቤቱ አይሰጥም። ቀጥሎ ተዘዋዋሪ ሰባኪ ሆኖ፣ ከኦናይዳው መሥራች ከጆን ኖይስ ጽሑፍ አብዛኛውን የገለበጠበትን የሃይማኖት መጽሐፍ አሳተመ። በማረፊያ ቤቶች አድሮ ሳይከፍል መውጣት የኑሮው ዘይቤ ነበር። ከ1880 በፊት እህቱን መጥረቢያ አንሥቶባት፣ ያየው ሐኪም ወደ አእምሮ ሕሙማን ተቋም ይግባ ሲል ጠፍቶ ሄዷል።

ለኋለኛው ታሪክ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በ1872 ምርጫ ለሆራስ ግሪሊ ቅስቀሳ አድርጎ፣ ካሸነፉ በቺሊ የአሜሪካ መልእክተኛ ያደርጉኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ግሪሊ ተሸነፉ። ማንም ያልገባለትን ቃል እንደ ቃል ኪዳን መቁጠር፣ እንግዲህ፣ በጋርፊልድ አልተጀመረም።

የጠየቀው ሹመት ምን ነበር? በምንስ ሒሳብ ይገባኛል አለ?

መጀመሪያ ቪየና፣ ኋላ ፓሪስ ቆንስል ለመሆን ነው የጠየቀው። ሒሳቡ አንድ ንግግር ነበር። በ1880 የሪፐብሊካን ፓርቲ እጩ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄኔራል ግራንት ይሆናሉ ብሎ የጻፈው ነው። በቺካጎው ጉባኤ፣ በ36ኛው ዙር ድምፅ፣ ማንም ያልጠበቃቸው ጋርፊልድ ሲመረጡ የንግግሩን ስም ለውጦ «ጋርፊልድ በሃንኮክ ላይ» አለው፤ ሃንኮክ የዴሞክራቶቹ እጩ ናቸው። አሳትሞ ለፓርቲው ሰዎች ኒው ዮርክ ውስጥ አደለ፤ በሕዝብ ፊት ያነበበው ቢበዛ አንድ ሁለት ጊዜ ነው። ጋርፊልድ ያሸነፉት በመላ አገሪቱ ከ10,000 ባነሰ የድምፅ ብልጫ ስለነበር፣ ጊቶ ያችን ብልጫ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ አመነ።

ማርች 5 ቀን 1881፣ በበዓለ ሢመቱ ማግስት፣ ዋሽንግተን ገባ። በዚያን ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ሥራ የሚታደለው ለፓርቲ አገልግሎት በካሣ መልክ ስለሆነ፣ አዲስ ፕሬዚዳንት ሲገባ ዋይት ሐውስ በደጅ ጠኚ ይጥለቀለቃል፤ ፕሬዚዳንቱ በየቀኑ ሰዓታት የሚያባክኑት እነርሱን በመስማት ነበር። ጊቶም አንድ ቀን ተራ ደርሶት ቢሮ ገባና የንግግሩን ቅጂ በጋርፊልድ እጅ ሰጠ። ሽፋኑ ላይ «የፓሪስ ቆንስልነት» ብሎ ጽፎ፣ ጽሑፉን ከራሱ ስም ጋር በመስመር አያይዞታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በዋይት ሐውስና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መካከል ተመላለሰ፤ የዋይት ሐውስን ወረቀት ለራሱ ደብዳቤ ይጠቀምበት ነበር። ሜይ 14 ብሌን ትዕግሥታቸው አለቀና በሕይወት እስካለህ ድረስ የፓሪስን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሣብኝ ብለው አባረሩት።

ታዲያ የገደለው ስለተከለከለ አይደለም?

እዚህ ላይ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ማየት ይበጃል። ሪፐብሊካን ፓርቲ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ስታልዋርት የሚባሉት በኒው ዮርኩ ሴናተር በሮስኮ ኮንክሊንግ የሚመሩ፣ ግራንትን የሚደግፉ፣ የሹመት እደላው እንዳይነካባቸው የሚፈልጉ ናቸው። በሌላው ወገን እነ ብሌን አሉ። ጋርፊልድ ለማስታረቅ ሲባል የኮንክሊንግን ሰው ቼስተር አርተርን ምክትላቸው አድርገው ተወዳደሩ። ሥልጣን ሲይዙ ግን ከሁሉ የላቀ ገቢና ሹመት የሚገኝበትን የኒው ዮርክ ወደብ ጉምሩክ ለኮንክሊንግ ባላንጣ ሰጡት። ኮንክሊንግ ተቆጥተው ሜይ 16 ከሴኔት ለቀቁ፤ አገሩ ሁሉ ስለ ሌላ ነገር አላወራም።

ጊቶ ፊት የተነሣው ሜይ 14 ነው። ሐሳቡ ብልጭ ያለልኝ ያለው ግን ሜይ 18 ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ፣ በጋዜጣ ሲያነብ ከዋለው ከዚህ የኮንክሊንግ ግርግር በኋላ ነው፦ ፕሬዚዳንቱ ከመንገድ ቢወገዱ ሁሉም ነገር ይቃናል። በመጀመሪያ ሐሳቡ አስደንግጦኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ጸልዬበት ሳይጠፋ ስለቀረ የእግዚአብሔር ትእዛዝ መሆኑን አወቅሁ አለ። በኪሱ የተገኘው ደብዳቤም የፕሬዚዳንቱ ሞት አሳዛኝ ግን አስፈላጊ ነው፣ ፓርቲውን አንድ አድርጎ ሪፐብሊኩን ያድናል የሚል ነው።

ቂም ብቻ ቢሆን መሞት የነበረባቸው ብሌን ናቸው። የሰደቡት እርሳቸው ናቸው፤ ጋርፊልድ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ሜይ 23 ለጋርፊልድ በጻፈው ደብዳቤም ክፉ ሰው ያለው ብሌንን ነው፤ ካላባረሯቸው እርስዎም ፓርቲውም ትጎዳላችሁ ብሎ አስጠንቅቋል። በጣቢያው ውስጥ ብሌን ከተጎጂው ጎን ነበሩ፣ ሽጉጡ ውስጥ ጥይት ቀርቷል፤ አልተኮሰባቸውም።

ስለዚህ እንዲህ ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል፦ ሹመቱ ዋሽንግተን አመጣው፣ የፓርቲው ጠብ ዒላማውን ሰጠው፣ እግዚአብሔር መርጦኛል የሚለው የቆየ ቅዠት ደግሞ ከማመንታት ወደ መተኮስ አሻገረው። ጥቅሙንም አልረሳም። አርተር ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ይሸልሙኛል ብሎ ጠብቋል፤ ስሙ በዓለም ሲጠራ መጽሐፉ እንደሚሸጥም አስልቶ እርማት ሲያደርግለት ነበር።

አስቀድሞ አቅዶ ነበር ወይስ በስሜት?

አቅዶ ነው። ከዘመድ 15 ዶላር ተበድሮ፣ ጁን መጀመሪያ ላይ «ብሪቲሽ ቡልዶግ» የሚባል ዌብሊ ሽጉጥ በ10 ዶላር ገደማ ገዛ፤ ኋላ ሙዚየም ውስጥ ሲቀመጥ እንዲያምር ብሎ መልኩን አማርጦ። በሕይወቱ ሽጉጥ ይዞ ስለማያውቅ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ተለማመደ። ወህኒ ቤቱን ሄዶ ጎበኘና ጥሩ ሆኖ አገኘው። ጦሩን ለሚያዙት ለጄኔራል ሸርማንም ወታደር ልከው ወህኒውን እንዲያስጠብቁለት ደብዳቤ አዘጋጀ። ጁን 18 እዚያው ጣቢያ ጋርፊልድን አግኝቷቸው ነበር፤ ሉክሪሺያ ከሕመሟ ጋር በባሏ ክንድ ተደግፋ ሲያያት አዘነና ተወው። ጁላይ 1 ምሽት ደግሞ ጋርፊልድን ተከትሎ እስከ ብሌን ቤት ሄዷል።

አርተርና ኮንክሊንግ እጃቸው አለበት?

የለበትም። ጥርጣሬው የመጣው ጊቶ ሲያዝ እኔ ስታልዋርት ነኝ፣ አሁን አርተር ፕሬዚዳንት ይሆናል ስላለ ነው። ጊቶ ኒው ዮርክ በነበረበት የምርጫ ወቅት አርተርን ደጅ ይጠና ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ግንኙነት አልተገኘም። አርተር በሐሜቱ ክፉኛ ተጎድተው፣ ጋርፊልድ አልጋ ላይ ሳሉ ሥልጣን ያሰፈሰፉ እንዳይመስሉ ከዋሽንግተን ርቀው ኒው ዮርክ ተቀመጡ።

የገደላቸው ጥይቱ ነው ወይስ ሐኪሞቹ?

ጊቶ በፍርድ ቤት «እኔ ተኮስኩ እንጂ የገደሏቸው ሐኪሞቹ ናቸው» ብሏል። ለነፍሱ ሲል የተናገረው ቢሆንም፣ በሕክምናው በኩል ብዙዎቹ ዘመናዊ ሐኪሞች አይቃወሙትም።

ጋርፊልድ ገና ጣቢያው ወለል ላይ ሳሉ በቁስሉ ውስጥ ያልታጠበ ጣት ገባ። ከሐኪሞቹ አንዱ የነበሩት ጥቁሩ ሐኪም ቻርልስ ፐርቪስ ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በማከም ከዘራቸው የመጀመሪያው ናቸው። ወዲያው ግን ዶክተር ዊላርድ ብሊስ ኃላፊነቱን ጠቅልለው ያዙ። የጠሯቸው የጦር ሚኒስትሩ ሮበርት ሊንከን ናቸው፤ ብሊስ አባታቸው አብርሃም ሊንከን ሲሞቱ ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ብሊስ ጥይቱን ፍለጋ በጣትና በብረት መመርመሪያ ደጋግመው ቆፈሩ። ጆሴፍ ሊስተር እጅንና መሣሪያን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት ቁስል እንዳያመረቅዝ እንደሚከላከል ከጻፉ 14 ዓመት ሆኗል፤ በ1876 ፊላደልፊያ መጥተውም ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተዋል። ብዙዎቹ አንጋፋ ሐኪሞች የማይታይ ተሕዋስ አያሳምመንም ብለው ንቀውት ነበር።

የቀረው በቅደም ተከተል የመጣ ነው። ቁስሉ መግል ያዘ፣ ትኩሳቱ ወጣ ገባ አለ፣ መግሉን ለማውጣት በቀዶ ጥገና ተከፈተ፤ መመርመሪያው የሠራው የሐሰት መንገድ የጥይቱ መንገድ ተብሎ ተያዘ። ምግብ አልቀመጥ ሲላቸው የሥጋ መረቅ፣ የእንቁላል አስኳልና ውስኪ በፊንጢጣ ይሰጣቸው ጀመር፤ ይህ ሰውነትን አይመግብም። ከ95 ኪሎ ገደማ ወደ 60 ኪሎ አካባቢ ወረዱ። በዋሽንግተኑ ሙቀት የባሕር ኃይል መሐንዲሶች በበረዶ ላይ የሚያልፍ አየር የሚነፋ ማቀዝቀዣ ሠሩላቸው፤ ክፍሉ ቢቀዘቅዝም በሁለት ወር ውስጥ ከ200 ቶን በላይ በረዶ በላ። ሴፕቴምበር 6 በባቡር ወደ ኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ ወደ ኤልቤሮን ተወሰዱ። እስከ ቤቱ በር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ በአንድ ሌሊት ተነጥፎ፣ ባቡሩ አቀበቱን መውጣት ሲያቅተው ሰዎች ፉርጎዎቹን በእጃቸው ገፉ።

ሴፕቴምበር 19 ከምሽቱ 4:35 በ49 ዓመታቸው ሞቱ። የአስከሬን ምርመራው በመጨረሻ የፈነዳው ወደ ጣፊያ የሚሄደው ደም ቧንቧ እንደሆነ፣ ሰውነታቸውም በመግል እንደተጎዳ አሳየ። ጥይቱ በስብ ተሸፍኖ ጉዳት ሳያደርስ ተቀምጦ ነበር። በቅርብ ዓመታት የሐሞት ከረጢት መቆጣት ነው ዋናው ያሉ ቀዶ ሐኪሞችም አሉ፤ አብዛኛው ሰው ግን ኢንፌክሽኑን ነው ተጠያቂ የሚያደርገው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጥይት ሰውነታቸው ውስጥ ቀርቶ የኖሩ ብዙ ወታደሮች በዚያ ዘመን በመንገድ ላይ ይታዩ ነበር፤ ባይነኳቸው ይተርፉ ነበር የሚለው ግምት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ብሊስ ለአገልግሎታቸው 25,000 ዶላር ጠየቁ። ኮንግረስ 6,500 ፈቀደ፤ አልቀበልም አሉ።

የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል መሣሪያ ጥይቱን ለምን አላገኘም?

ስልክን የፈለሰፉት ቤል ብረት ሲቀርበው በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ሠርተው፣ ጥይት በሰውነታቸው ባለባቸው የቀድሞ ወታደሮች ላይ ሞክረው አሠርተውት ነበር። ጁላይ 26 ዋይት ሐውስ ሲሞክሩት ያልተቋረጠ ጩኸት አስቸገረ፤ ኋላ ሲመረመር አንድ ሽቦ በስሕተት ተያይዟል። ኦገስት 1 ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ደካማ ድምፅ በሰፊ ቦታ ላይ ተሰማ፤ ለካስ ከፍራሹ ሥር የብረት ሽቦ ያለው ሌላ ፍራሽ ተነጥፏል። ከሁሉ የከፋው ግን ብሊስ እንዲፈተሽ የፈቀዱት የቀኙን ጎን ብቻ መሆኑ ነው። ጥይቱ በግራ ነበር። ብሊስ ግን ፍተሻው የእኔን ግምት አረጋገጠ ብለው ለጋዜጦች ተናገሩ።

በነዚያ 79 ቀናት አገሪቱን ማን አስተዳደረ?

በሕግ ጋርፊልድ፤ በተግባር ሚኒስትሮቹ በየፊናቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋርፊልድ የፈረሙት ይፋዊ ሰነድ አንድ ነው፣ ወንጀለኛ አሳልፎ ስለ መስጠት። ሕገ መንግሥቱ ምክትሉ ፕሬዚዳንቱ «ሳይችል ሲቀር» ይተካል ይላል፤ አለመቻሉን የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ቢያገግምስ ሥልጣኑ ይመለስለት እንደሆነ አይናገርም። ይህ ክፍተት የተሞላው በ1967 በጸደቀው 25ኛው ማሻሻያ ነው። አርተር ቃለ መሐላ የፈጸሙት ሴፕቴምበር 20 ከሌሊቱ 8:15 በኒው ዮርክ መኖሪያ ቤታቸው ነው።

ፍርድ ቤቱ እብድ አይደለም ያለው በምን መለኪያ ነው?

ችሎቱ ኖቬምበር 14 ቀን 1881 ተከፈተ። ዋና ጠበቃው የእህቱ ባል ሆነ፤ በወንጀል ችሎት ልምድ ያልነበረው ሰው ነው። መለኪያው በ1843 ከእንግሊዝ የመጣው የማክናተን ደንብ ነበር፦ ተከሳሹ የሚሠራውን ያውቃል? ስሕተት መሆኑንስ ያውቃል? ለመከላከያ የመጡት ወጣቱ የነርቭ ሐኪም ኤድዋርድ ስፒትስካ ሰውየው ያለ ጥርጥር እብድ ነው አሉ። የዐቃቤ ሕጉ ምስክር ጆን ግሬይ፣ የዩቲካ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ኃላፊ፣ ክፋት እንጂ በሽታ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ጊቶ ራሱ በየመሀሉ እየተነሣ ምስክሮቹን፣ ዳኛውን፣ የገዛ ጠበቃውን ይሳደባል፤ ፊርማውን ይሸጣል። ለአርተርም ደመወዝህን ከ8,000 ወደ 50,000 ዶላር ያሳደግሁልህ እኔ ነኝ ብሎ ጽፏል። ጁሪው (ፍርዱን የሚሰጡት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) ግን ሽጉጥ የገዛ፣ የተለማመደ፣ ጋሪ ያቆመ ሰው የሚሠራውን አያውቅም የሚለውን አልተቀበለም፤ ጃንዋሪ 25 ቀን 1882 አንድ ሰዓት ገደማ ተመካክሮ ጥፋተኛ አለው። የተኮሰው ዋሽንግተን፣ የሞቱት ኒው ጀርሲ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም የሚለው ይግባኝም ውድቅ ሆነ። ጁን 30 ራሱ የጻፈውን ግጥም መስቀያው ላይ አንብቦ ተሰቀለ።

ግድያው ሕግ አስለውጧል?

ጃንዋሪ 16 ቀን 1883 የወጣው የፔንድልተን ሕግ። የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲገኝ፣ ሠራተኛ በፖለቲካ ምክንያት እንዳይባረር፣ ለፓርቲ መዋጮ እንዳይገደድ ደነገገ። ሲጀመር የሸፈነው ከፌዴራል ሠራተኛው አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው፤ በኋላ ፕሬዚዳንቶቹ እያሰፉት ሄዱ። የፈረሙት ቼስተር አርተር መሆናቸው የቀድሞ ወዳጆቻቸውን ስታልዋርቶችን አስቆጣ። ግድያው ብቻውን ሕጉን አመጣ ማለት ግን ማጋነን ነው፦ የተሐድሶው እንቅስቃሴ ቀድሞም ነበር፣ ሪፐብሊካኖችም በ1882 የምክር ቤት ምርጫ ክፉኛ መመታታቸው አጣድፏቸዋል።

ዛሬ የሚታይ ነገር አለ?

ጣቢያው ፈርሷል፤ ቦታው የናሽናል ጋለሪ ምዕራባዊ ሕንፃ ያለበት ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም ምልክት አልነበረበትም፤ ማስታወሻ ሰሌዳ የተተከለው በ2018 ነው። ጥይቱ የበሳው የጋርፊልድ አከርካሪ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ሙዚየም ተይዟል፤ በአካባቢው ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም፣ ግን ትርኢቱ ስለሚለዋወጥ ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። የጊቶ አጥንትም እዚያው ነው። የአንጎሉ ቅንጣት ፊላደልፊያ በሙተር ሙዚየም ይገኛል። ለሙዚየም ብሎ አማርጦ የገዛው ሽጉጥ ግን ስሚትሶኒያን ከገባ በኋላ ፎቶው ብቻ ቀርቶ ጠፍቷል።